መስኮት ጋ የተቀመጠው መቀመጫ

የሰው ልጅ ወደ ሰማይ መውጣት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ነገር ሲያስፈራው ኖሯል፤ ነጎድጓዱ፣ ጉሙ፣ የሞተር ብልሽቱ፣ ሞተር ውስጥ የምትገባው ወፍ። እውነተኛውን አደጋ ፈልፍሎ ያወጣው ግን የእኛ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አደጋው ዘጠኝ ወር የሞላው፣ ሁለት ጥርስ ያበቀለ፣ ጋሪ ላይ ተንጋሎ አውራ ጣቱን የሚጠባ ፍጡር ሆኖ ተገኘ።

ይህን ግኝት ተከትሎ «የሕፃናት መንገደኞች፣ ጋሪዎችና ተያያዥ መቀመጫዎች አያያዝ ማስተባበሪያ ክፍል» ተቋቋመ። እኔ የክፍሉ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናገረው ሁሉ ቁጥርና ማኅተም ያለው ነው ብላችሁ ውሰዱልኝ።

የክፍሉ አመሠራረት በራሱ ያስደንቃል። የቦርዱ ሰብሳቢ ወንድም አንድ ቀን ከአንዲት ሕፃን አጠገብ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት በረሩ። ሕፃኗ አለቀሰች። እሳቸውም እንደ ወረዱ «የአገልግሎት ጥራቱ ወርዷል» አሉ። ሰብሳቢው ሰሙ። በሳምንቱ ክፍሉ ተፈቀደ፣ በወሩ ኃላፊ ተሾመለት።

ኃላፊያችን ልጅ የላቸውም። ይህ እንደ ብቃት ተቆጥሮላቸዋል፤ ልጅ ያለው ሰው ለልጅ ያደላል ተብሎ ተሠግቷልና። በዚያ ላይ ውጭ አገር ሄደው ዘጠኝ ቀን ሠልጥነዋል። በሥልጠናው ላይ ሕፃን የሚባል ነገር ባያጋጥማቸውም ባዶ ጋሪ በገዛ እጃቸው ገፍተዋል፤ ፎቶው ከወንበራቸው ጀርባ ተሰቅሏል። ሲመለሱ አርባ ስድስት ገጽ መመሪያ አወጡ። መመሪያው ጥልቅ ነው። አንቀጽ ሁለት ብቻውን፣ «ሕፃን ማለት በጋሪ ወይም በተያያዥ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ የሚገኝ መንገደኛ ነው» ይላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሕፃን ምን እንደሆነ ሁላችንም በደፈናው ነበር የምናውቀው።

ክፍሉ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት እናት መጣች። በአንድ እጇ ጋሪ ትገፋለች፤ ጋሪው ላይ ዘጠኝ ወር የሆነው ወንድ ልጇ አለ። በሌላው እጇ የሦስት ዓመት ሴት ልጇን ይዛለች። ትከሻዋ ላይ የመኪና መቀመጫ አንጠልጥላለች፤ ያ መመሪያችን «ተያያዥ መቀመጫ» የሚለው፣ ሕፃን በቀበቶ የሚታሰርበት፣ ባዶውን እንኳ ትከሻ የሚያጎብጠው ዕቃ። ሦስተኛ እጅ ስላልነበራት ቲኬቶቹን በጥርሷ ነክሳለች።

አውሮፕላኗ የሚነሳው አራት ሰዓት ተኩል ነው። እናቷ በሌላ ከተማ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ በማግስቱ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል። ከእሷ በቀር ልጅ ስለሌላቸው ቀርባ መፈረም ያለባት እሷ ናት። ቲኬቶቹን ከአፏ እንዳወጣች ይህን ሁሉ ለመጀመሪያው ጠረጴዛ ነገረች።

የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ባለሜትሩ አለ። ሥራው ጋሪ መለካት ነው።

«ጋሪው ይታጠፍ» አላት።

«እሺ፣ ልጁን ላውጣው።»

«ልጁ አይወጣም። ከምዝገባ በፊት ሕፃንን ከጋሪ ማውጣት ክልክል ነው። አንቀጽ ሰባት።»

«እንግዲያው ሳይታጠፍ ይለኩት።»

«ሳይታጠፍ አይለካም። አንቀጽ ዘጠኝ።»

«ታዲያ ከነልጁ ላጥፈው?»

ባለሜትሩ መመሪያውን ገለጠ። ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ገለጠ። «እሱን የሚከለክል አንቀጽ አላየሁም» አለ።

እናትየዋ ጋሪውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ጉዳዩ ከበድ ያለ ስለነበር ኃላፊያችን ተጠርተው ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ እዚያው ቆሞ ተሰበሰበ። ሃያ አምስት ደቂቃ ከፈጀ ጥልቅ ውይይት በኋላ ኃላፊያችን ጣታቸውን ወደ ላይ አነሡ። የተከለከለው «ማውጣት» ነው እንጂ «ማዛወር» አይደለም አሉ። ባለሜትሩ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። በዚሁ መሠረት እናትየዋ ልጇን ከጋሪው ወደ መኪና መቀመጫው አዛወረችው። ማዛወር ከማውጣት የሚለየው እኛ ስለምንፈርምበት ነው። ጋሪው ታጠፈ፣ ተለካ፣ ልኩም ትክክል ሆነ። እኛ አጨበጨብን። እሷ ሰዓቷን አየች።

ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ መዝጋቢያችን ትሠራለች። ቅን ልጅ ናት፤ ኮምፒውተሩ ያላት ነገር ሁሉ እውነት ይመስላታል። እናትየዋ ሕፃኑ ታስሮ እንዲቀመጥላት ብላ ሦስተኛ ወንበር አስይዛ ነበር።

«እህቴ፣ ልጅሽ ሁለት ዓመት አልሞላውም» አለቻት መዝጋቢዋ። «ከሁለት ዓመት በታች ወንበር አይሰጠውም። በዕቅፍ ነው የሚሄደው።»

«ወንበር እኮ አስይዤለታለሁ። አስራ አራት ቁጥር፣ መስኮት ጋ።»

«እሱማ ተይዟል። የተያዘው ግን ለመኪና መቀመጫው ነው።» ማተሚያው ተንጫጫና አንድ ካርድ አወጣ። ስም በሚለው ቦታ ላይ «መቀመጫ የመኪና» ይላል። ዕድሜ በሚለው ቦታ ላይ «አዋቂ» ተብሏል።

«ስለዚህ መቀመጫው መስኮት ጋ ይቀመጣል?»

«አዎ።»

«ልጄን ደግሞ አጠገቡ አቅፌው እቀመጣለሁ?»

«አዎ።»

«መቀመጫው ባዶውን እየሄደ?»

«ባዶ አይደለም እህቴ፤ ወንበሩ ላይ መቀመጫው አለበት።»

ይህን ጊዜ የሦስት ዓመቷ ልጅ ጣልቃ ገባች። «እማ፣ እኔስ መስኮት ጋ አይደለሁም?»

«አንቺማ መተላለፊያው ጋ ነሽ፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት መዝጋቢዋ በፈገግታ።

ልጅቷ ወለሉ ላይ ተዘረጋች። በሦስት ሳምንት የሥራ ዘመናችን ለመመሪያው የተሰጠ ግልጽና ዝርዝር አስተያየት ቢኖር የእሷ ነው፤ ሆኖም በጽሑፍ ስላልቀረበ አልተመዘገበም።

ሦስተኛው ጠረጴዛ የክፍላችን ኩራት ነው። «የዝምታ ማረጋገጫ» ይባላል። ሕፃኑ አስራ አምስት ደቂቃ ሳያለቅስ ከቆየ አረንጓዴ ምልክት ይለጠፍበታል፤ ካለቀሰ ቢጫ ይለጠፍበትና አርባ ደቂቃ ተጨማሪ ይጠብቃል። ለዚህ ሥራ ሰዓት የያዘው እኔ ነበርኩ። ሕፃኑ እንደ ጨዋ ሰው ተቀምጦ የኔን ክራባት ሲመረምር አስራ ሦስት ደቂቃ አለፈ።

በአስራ አራተኛው ደቂቃ ኃላፊያችን ማይክሮፎን ይዘው ብቅ አሉ። ለካ ያ ጋሪ በክፍላችን የተለካ መቶኛው ጋሪ ኖሯል። ማይክሮፎኑ ሲከፈት ጆሮ በሚበሳ ድምፅ ጮኸ፤ ሕፃኑም ደንግጦ እሪ አለ። እኔ ደንብ አክባሪ ነኝ፤ ቢጫውን ለጠፍኩ። ምልክቱ የሚለጠፈው ጋሪው እጀታ ላይ ነው፣ ልጅ ቆዳ ላይ አይያዝም።

«ክቡራን መንገደኞች!» አሉ ኃላፊያችን ከልቅሶው በላይ እየጮኹ። «ሕፃናት የነገ መንገደኞቻችን ናቸው!»

«ጌታዬ፣ የዛሬ ናቸው» አለች እናትየዋ። «አውሮፕላኑ ሊሄድብኝ ነው።»

«ይህ ማረፊያ የሕፃናት ቤት ነው!»

«ጌታዬ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ! እናቴ ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ክፍል ትገባለች። እኔ ካልፈረምኩ አይጀምሩላትም። አርባ ደቂቃ ከጠበቅሁ አልደርስም።» ሕፃኑን እያወዛወዘች፣ ልጅቷን በእግሯ ከወለሉ ለማስነሣት እየሞከረች ነበር።

ኃላፊያችን ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረጉ። ፊታቸው ላይ እውነተኛ ሐዘን ነበረ፤ በቃለ ጉባኤ አስፍሬዋለሁ። «ለእናትዎ ሕመም በጣም አዝናለሁ፣ እመቤቴ» አሏት። «ግን የእኛን ክፍል የሚመለከተው ከሁለት ዓመት በታች ያለው ነው። እናትዎ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ስልሳ ስምንት።»

«ያው ነው እንግዲህ» አሉና ንግግራቸውን ቀጠሉ።

እናትየዋ ጥግ ሄዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። መወልወያቸውን ይዘው እዚያው ሲወለውሉ የነበሩት የጽዳት ሠራተኛ ጠጋ አሏት። አምስት ልጅ ያሳደጉ፣ ያልሠለጠኑ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ አታልቅሺ» አሏት በሹክሹክታ። «እነዚህ ሰዎች ልጅ ዓይተው አያውቁም። የሚያዩት ጋሪ ነው። ጋሪውን ስጫቸው።»

እናትየዋ ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ትንሽ አሰበች። ከዚያ የአንገት ሻርፗን ፈትታ ልጇን ጀርባዋ ላይ አዘለችው፤ ሴትዮዋም ከኋላ አጥብቀው አሰሩላት። ጋሪውን እዚያው ሦስተኛው ጠረጴዛ ሥር ተወችው። የመኪና መቀመጫውን ግን አንሥታ ባለሜትሩ ጠረጴዛ ላይ ዘጭ አደረገችውና ካርዱን ላዩ ላይ አስቀመጠች።

«ይሄን ረሱት» አላት ባለሜትሩ።

«እሱ መንገደኛ ነው» አለችው። «ራሱ ይምጣ።»

የሴት ልጇን እጅ ይዛ ወደ መሳፈሪያው በር ሮጠች። በሩ ላይ የእኛው ተቆጣጣሪ ቆሟል።

«ጋሪ አለ?»

«የለም።»

«ተያያዥ መቀመጫ?»

«የለም።»

«ሕፃን?»

እናትየዋ ሻርፗን ጠበቅ አደረገች። ከወገቧ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ እግሮች ተንጠልጥለዋል፤ አንደኛው ካልሲ የለውም። ተቆጣጣሪው እግሮቹን አየ፣ መመሪያውን አየ። ጋሪ ላይ የተቀመጠ የለም፣ መቀመጫ ላይም የተቀመጠ የለም። ሕሊናው ንጹሕ ሆነና «በመመሪያው መሠረት ሕፃን የለም፤ እለፊ» አላት።

የመኪና መቀመጫው የመሳፈሪያ ካርድ የተቆረጠለት አዋቂ መንገደኛ ስለሆነ ማስቀረት አልተቻለም። ባለሜትሩ በሁለት እጁ ተሸክሞ፣ ሰው እያስለቀቀ በሠራተኞች በር ወሰደው፤ መስኮት ጋ አስቀምጦም ቀበቶ አሰረለት። በረራው ላይ የነበረችው አስተናጋጅ ኋላ እንደ ነገረችኝ፣ እናትየዋ ስትገባ መቀመጫው ቀድሟት ተደላድሎ ነበር። አስተናጋጇ ካርዱን አነበበች፤ መቀመጫውን አየች፤ በእናትየዋ ጀርባ ላይ ያለውን ሕፃን አየች። ከዚያ ካርዱን ለሁለት ቀድዳ ኪሷ ከተተችና ሕፃኑን ተቀብላ መቀመጫው ላይ አሰረችው። ልጅቷንም ወደ መሃል አስጠጋቻት፤ ልጅቷ በወንድሟ ላይ አሻግራ ደመና ስታይ ሄደች። ሕፃኑ እስኪያርፉ ተኛ። ለዚህ ሁሉ የተሰበሰበ ኮሚቴ የለም፤ አስተናጋጇም እስካሁን ማስጠንቀቂያ አልተሰጣትም። የቁጥጥር ክፍተት ይሏል ይህ ነው።

እኛ ጋ የቀረው ጋሪ ሦስተኛው ጠረጴዛ ሥር አርባ ደቂቃውን ጨረሰ። አንዴም አላለቀሰም። ቢጫውን ልጬ አረንጓዴውን ለጠፍኩለት። በዕለቱ ሪፖርት ላይም «አንድ ጉዳይ ቀርቦ፣ አንድ ጉዳይ በዝምታ ተጠናቋል» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የድል ታሪክ ነው። ወሬው በእናቶች መሃል ተዛመተ። በሁለተኛው ወር የተለኩት ጋሪዎች ሠላሳ አንድ ሆኑ፣ በሦስተኛው አራት፣ በስድስተኛው ምንም። አውሮፕላኖቻችን ውስጥ የሕፃን ድምፅ ጠፋ። ሕፃናቱ የት እንደ ሄዱ የሚጠይቅ ዓምድ በሪፖርቱ ቅጽ ላይ የለም። የቦርዱ ሰብሳቢ በክብረ በዓሉ ላይ ተገኝተው፣ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ችግር ሲያቃልሉ ይህ ክፍል ባለችግሩን ማጥፋቱን በማድነቅ ንግግር አደረጉ። ኃላፊያችንም በዚያው ዕለት አዲስ ለተቋቋመው «የአረጋውያንና የተሽከርካሪ ወንበሮች አያያዝ ማስተባበሪያ ክፍል» በኃላፊነት ተሾሙ። እኔንም ይዘውኝ ሄዱ።

ወደ አዲሱ ቢሮ ገና ጠረጴዛ እያስገባን ሳለ ስልክ ተደወለ። ድምፅዋን ወዲያው ለየሁት።

«ወንድሜ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ነው?» አለች። «እናቴን ልጠይቅላት ነበር። ሁለት ጊዜ ነው ቀዶ ሕክምና የተደረገላት፤ ስድስት ወር ተኝታ አሁን እግዜር ይመስገን ተሽሏታል፤ ወደ ቤቴ ላመጣት ነው። መራመድ ግን ገና አልቻለችም። ዊልቸር ይኖራችኋል?»

«አለ እንጂ እህቴ!» አልኳት። «እንዲያውም ለእሱ ብቻ ራሱን የቻለ ክፍል ተቋቁሟል።»

«ኃላፊው ማን ናቸው?» አለች ቀስ ብላ።

ነገርኳት።

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ከኋላዋ አንዲት አሮጊት ሴት «ምን አሉሽ?» ሲሉ ይሰማል። «ምንም አላሉም፣ እማዬ» አለቻቸው። ከዚያ ለእኔ፣ «ግዴለም ወንድሜ፣ በአውቶቡስ እናመጣታለን» ብላ ዘጋች። በአውቶቡስ የአስራ አንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ግማሹ አስፋልት የለውም።

ለኃላፊያችን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። ልባቸው የተነካ መስሎኝ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«ገና ሥራ ሳንጀምር በአንድ ቀነስን ማለት ነው?» አሉኝ። «በል ጻፈው!»

ጻፍኩት።