የአድሚራል ሲባዒ አሸዋ

ጦርነትን ብቻውን ያሸነፈ ሰው በየወደቡ አይጠፋም። የእኛ የእስክንድርያዎቹ ክቡር አድሚራል ሲባዒ ነበሩ። ማዕረጉን የሰጣቸው ሱልጣኑ ሳይሆን ሰፈሩ ነው፤ በጥቁር ባሕር ሩሲያን ሊወጋ በዘመተ የግብፅ መርከብ ላይ ተራ መርከበኛ ነበሩ።

ጦርነታቸው የሚካሄደው በዘናቲ ፀጉር ቤት፣ መስኮቱ ስር ባለው አግዳሚ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ መስታወቱ ውስጥ ገብቶ ሲወዛወዝ፣ ከኪሳቸው አንድ እፍኝ አሸዋ አውጥተው ወለሉ ላይ ይበትናሉ። ያለ አሸዋ ወሬ አይጀምሩም። ከዚያ «ባሕሩ ይመስክር!» ይላሉ። ባሕሩ አንድም ቀን ተቃውሟቸው አያውቅም።

መርከባቸው በየዓመቱ ታድጋለች። መጀመሪያ ስሰማ ምሰሶዋ ከሚናሬት ያንስ ነበር፤ ኋላ ላይ ጨረቃ በሸራዋ ተጠልፋ ቀረች። ሲባዒ በአንዲት ጥይት የሩሲያን መርከብ ለሁለት ሲከፍሉ፣ ደንበኛው ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ግማሹን ረስቶ ያዳምጣል።

ከወሬያቸው አንድ ነገር ብቻ አያድግም ነበር። በዚያ ባሕር ላይ ጎህ ሲቀድ በጉሙ ውስጥ ነጭ ነገር ይወርድ ጀመር። የአባይ ልጆች በረዶ የት ያውቃሉ? ጨው መስሏቸው እጃቸውን ዘርግተው ቀመሱት። አንዱማ ለእናቱ ሊወስድ በመሐረቡ ቋጠረው። ይህን በሰማሁ ቁጥር በህልሜ ጨው ሲዘንብ አያለሁ። ሌላውን ውሸት ነው ለማለትም አልደፍርም፤ ሽማግሌ ትዝታውን ከህልሙ የሚለይበት ድንበር የቱ ጋ እንደሆነ፣ እኔም ሳረጅ ጠፍቶብኛል።

ዘናቲ ግን መጥረጊያ የሚይዘው እሱ ነውና ተማረረ። «አጎቴ፣ ፀጉሩን ልጥረግ ወይስ ጦር ሜዳውን?» ይላቸዋል። በመጨረሻ ቀናዊ የሚባሉ የዚያች መርከብ መድፈኛ ከረሺድ ከተማ መምጣታቸውን ሰምቶ ጋበዛቸው። ውሸቱ ከተጋለጠ አግዳሚውም ወለሉም ነፃ ይወጣሉ ብሎ ነው። ሲባዒ ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም፤ ያላቸው ያች አግዳሚ ብቻ ናት።

ቀናዊ ሲገቡ አሸዋው ተበትኖ ነበር። ሲባዒ አግዳሚው ጥግ ላይ ተሸጎጡ።

«ሐጂ፣» አለ ዘናቲ ምላጩን እየሳለ፣ «እኚህ ሰውዬ የትኛውን መድፍ ነበር የሚተኩሱት?»

ቀናዊ ወለሉን ብዙ አዩት። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁና ባዶ እግራቸውን አሸዋው ላይ አቆሙ።

«መድፍስ አልተኮሰም» አሉ። ሲባዒ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ መለሱ። «እኛ ስንተኩስ አሸዋ የሚበትነው እሱ ነበር። ወለሉ ደም በደም ሲሆን እግራችን እንዳይከዳን፣ ጥይት እየዘነበ በመካከላችን ይዞር ነበር።» ከዚያ ወደ አግዳሚው ዞሩ። «አንተ ሲባዒ፣ ዛሬም አሸዋውን አሳሳኸው እኮ። ድሮም እጅህ ስስታም ነው።»

በማግስቱ ሲባዒ በአንድ ጥይት ሁለት መርከብ አሰጠሙ። አጠገባቸው የተቀመጡት ቀናዊ፣ «ሦስት ነበሩ» አሉ።

ዛሬ አግዳሚው ባዶ ነው። ዘናቲ ግን ከሰዓት በኋላ አንድ እፍኝ አሸዋ ወለሉ ላይ ይበትናል። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ ሳሙናው ደንበኛ እንዳያንሸራትት ነው አለኝ።

እኔም አላስጨነቅሁትም። ጫማዬን አውልቄ ተራዬን እጠብቃለሁ።