ቲቸር ሴልዊን መኪና ሲሸጡ

ዕቃ የሸጠ ሁሉ ሻጭ አይደለም። እውነተኛ ሻጭ ቁልፉን ያስረክባል፣ እጁን ያራግፋል፣ ይሄዳል። ሌላው ዓይነት ሰው ግን ይሸጥልዎታል፣ ይመርቅልዎታል፣ በማግስቱ ደግሞ በርዎን አንኳክቶ «እንዴት አደረች?» ይላል። ይህ ሰው የሌለበት ሰፈር አላየሁም። ላም ቢሸጥ ሣር ተሸክሞ ይከተላታል። ቤት ቢሸጥ የቤቱ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ሁለት መንገድ ማዶ ሆኖ ይሰማዋል። በኒውዚላንዷ ፎክስተን ከተማ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ ይዘው የኖሩት ክቡር ቲቸር ሴልዊን ፓስኮ ናቸው።

ቲቸር መባላቸው ለይስሙላ አይደለም። በከተማዋ ትምህርት ቤት የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ሲያስተምሩ ነው ያረጁት። ዛሬ ፀጉሩ የሸበተ የፎክስተን ሰው ሁሉ በልጅነቱ አንድ ጎባጣ መደርደሪያ ታቅፎ ፊታቸው ቆሟል። እሳቸውም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅላሉ፣ መደርደሪያውን ያገላብጣሉ፣ ከዚያም ለሁሉም የሚሉትን ይላሉ። «ጥሩ ነው። እንደገና ሥራው።»

ይህ ለሰው ሥራ ነው። ለራሳቸው ሥራ ሌላ ፍርድ ነበራቸው፤ «ችግር የለውም» የሚባል።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ የምትልቀው ደግሞ ቀይዋ መኪና ነበረች። ድሮ በእሽቅድምድም ሜዳ ስሟ የገነነ አንዲት የእንግሊዝ መኪና ነበረች፤ የቲቸር ግን እሷን መስላ የተሠራች ነች። የፋይበርግላስ አካሏ በሣጥን ተቆራርጦ መጣ፤ ቲቸርና ባለቤታቸው ቤሪል ጋራዣቸው ውስጥ በአንድ አሮጌ ቮልስ ሻንሲ ላይ ገጣጠሙት። «የሁለት ወር ሥራ ነው» ብለዋት ነበር ቤሪልን። ሥራው ሲያልቅ ሴት ልጆቻቸው ተድረው ወልደው ነበር።

ከላይ ላያት ታስደነግጣለች። አፍንጫዋ ረጅም፣ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ ጣሪያ የሚባል ነገር የሌላት። በጎንና በጎኗ የሚያብረቀርቁ ሁለት ወፋፍራም የጭስ ማውጫዎች አሉ፤ ጭስ ግን አያውቃቸውም፤ የቤት አሸንዳ ቱቦ ናቸው፣ ብርማ ቀለም የተቀቡ። የበሩ እጀታ ከተጣለ ማቀዝቀዣ የተነቀለ ነው። ቤንዚኑ ስንት እንደቀረ የሚለካው የትምህርት ቤት ማስመሪያ ነክሮ በማውጣት ነው። ወንዶች ይሰበሰቡና «እስቲ ሞተሩን አሳዩን» ይላሉ። ቲቸር ያንን ረጅም ኮፈን በክብር ይከፍቱታል፤ ውስጡ የሳንድዊች ቅርጫትና ሁለት ተጣጣፊ ወንበር ተኝተዋል።

«ሞተሩስ?»

«ችግር የለውም። ከኋላ ነው።»

በየዓመቱ በታኅሣሥ ጠራራ ፀሐይ የገና ሰልፍ ሲወጣ፣ የገና አባት የሚቀመጠው በዚህች መኪና ጀርባ ላይ ነበር። ጢሙ በላብ ተጣብቆ፣ ፊቱ ከመኪናዋ ቀልቶ፣ ከረሜላ ይበትናል። ልጆች ከረሜላውን ይሻማሉ። አንዲት ሬዋ የምትባል ልጅ ግን ከረሜላውን እየረገጠች መኪናዋን ተከትላ ትሮጥ ነበር። አንድ ቀን መሪዋን ይዤ በዚህ አውራ ጎዳና እነዳታለሁ ብላ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷም መጀመሪያ ጫማሽን አድርጊ አለቻት።

ያቺ ልጅ አድጋ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ሆነች። ቀይዋ መኪናም ከጊዜ በኋላ ከሰልፉ ጠፋች፤ ቤሪል ሞታ ነበር፣ ቲቸርም ጋራዡን ዘጉት። ኋላ የቲቸር ዓይን ደከመና ሐኪሙ መንጃ ፈቃዳቸውን አስመለሳቸው። መኪናዋ ልትሸጥ ነው የሚለውን ወሬ ሬዋ የሰማችው አውቶቡስ ላይ ነው፤ የዚያን ዕለት ልጆቹን ከወትሮው በጊዜ ነው ቤታቸው ያደረሰቻቸው።

ግዢው ግዢ አይመስልም ነበር፤ ሽማግሌ ልኮ ልጅ የመጠየቅ ያህል ነው። የት ታድራለች? ዝናብ ይነካታል? ጠዋት ስትቀዘቅዝ ታባብያታለሽ ወይስ ትጮኺባታለሽ? ከሬዋ በፊት ከትልቅ ከተማ የመጣ ሀብታም ነበር፤ ቲቸር ባዶ እጁን መለሱት።

«ምን አጠፋ?» አለች ሬዋ።

«ክላክሷን ሳይነካ ዋጋ ጠየቀኝ።»

ሬዋ ቶሎ ብላ ክላክሷን ነካች። ተስማሙ።

«ታርጋዋስ፣ ቲቸር? ይሠራል?»

«ችግር የለውም። አሳርፌያታለሁ።»

ይህ ማሳረፍ የአገሩ ወግ ነው። መኪናውን ጋራዥ ውስጥ የሚያቆም ሰው «ለጊዜው አሳርፌዋለሁ» ብሎ ያስመዘግባል፤ ግብር አይከፍልም፣ ታርጋውም አይሞትበትም። ችግሩ፣ ዕረፍቱ በየጊዜው መታደስ አለበት። ሬዋ የባለቤትነት ስሙን ለማዛወር ወደ ምዝገባ ቢሮ ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቁጥሩን አስገብታ ስክሪኑን አየች።

«ይቺ እንኳ አርፋለች» አለች።

«አዎ፣ አሳርፈዋታል።»

«እንደሱ አይደለም፣ የኔ እናት። ጨርሳ ነው ያረፈችው። ከመዝገብ ወጥታለች።»

ሬዋ ይህን ስትነግራቸው ቲቸር ኮፍያቸውን አወለቁ። «የወረቀቱን ነገር የምትጨርሰው ቤሪል ነበረች» አሉ። ቤሪል ካረፈች ወዲህ መኪናዋን ያሳረፋት ሰው አልነበረም።

እንግዲህ መኪናዋ እንደ አዲስ መወለድ ነበረባት። ቤት ውስጥ የተሠሩ መኪናዎችን የሚመረምር ባለሙያ ይመጣል፤ ካለፈች ትንሽ የብረት ሰሌዳ ይቸነክርላታል፤ ታርጋውም ቦሎውም የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ካላለፈች መንገድ አትረግጥም። ሬዋ ጓሮዋ ውስጥ ቀይ የአበባ መደብ ገዛች ማለት ነው።

ምርመራው እስኪደርስ ቲቸር በየማለዳው መጡ። «በዚህ ሳልፍ ነው» ይላሉ። የሬዋ መንገድ ወንዙ ላይ ነው የሚያልቀው፤ በዚያ በኩል አልፎ የሚሄድ ዳክዬ ብቻ ነው። ሻያቸውን በፔርሙዝ ይዘው፣ የዝንጅብል ብስኩታቸውን በኪሳቸው አድርገው፣ መኪናዋን ይዞራሉ።

«በሩን በኃይል ዘግተሻል።»

«አልከፈትኩትም፣ ቲቸር።»

«አላኮረፈችም ታዲያ?»

አንድ እሑድ ሬዋ ፒጃማዋን እንደለበሰች ወደ ጋራዡ ስትወጣ ቲቸር ጎማዎቹን በጥርስ ብሩሽ ሲያጸዱ አገኘቻቸው። የማን ብሩሽ እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ግን ያን ቀን አዲስ ገዛች። ለእህቷ ስልክ ደውላ «መኪና ገዛሁ ብዬ ሽማግሌ ወርሼ አረፍኩት» አለቻት።

መርማሪው ፓኦራ ይባላል። በሩን የሚሞላ ትልቅ ሰው ነው፤ እሱም በጊዜው ጎባጣ መደርደሪያ ታቅፎ የቆመ። ሬዋ ቲቸርን እባክዎ በዚህ ቀን ይቅሩ ብላ ለምናቸው ነበር። ከፓኦራ ቀድመው ደረሱ።

ፓኦራ የአሸንዳውን ቱቦ አይቶ ሳቀ፤ ማስመሪያውን አይቶ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። መብራቱን አየ፣ ፍሬኑን ረገጠ፣ መሪውን አወዛወዘ። ከዚያ የወንበሩን ቀበቶ ያዘና በርከክ ብሎ ሥሩን ፈተሸ። እዚያው ቆየ።

«ቲቸር፣ ቡሎኑ የያዘው ፋይበርግላሱን ነው። ብረት አልነካም።»

«ችግር የለውም። ትልቅ ሮንዴላ አለው።»

«ብትጋጭ ቀበቶው ሰውየውን አይይዝም፣ ቲቸር። አብሮት ይወጣል።»

ፓኦራ ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ወደ መሬት አየ። ምን ብሎ እንደሚናገር የጨነቀው ሰው፣ በልጅነቱ የተማረው አንድ አነጋገር ብቻ ነው አፉ ላይ የመጣለት።

«ጥሩ ነው፣ ቲቸር» አለ ቀስ ብሎ። «እንደገና ይሥሩት።»

ሬዋ ለመሳቅ ወይ ለማልቀስ አልወሰነችም። ቲቸር ፔርሙዛቸውን አነሡ። «ያን ሁሉ ዓመት የልጅ ልጆቼን በሷ ነው የጫንኳቸው» አሉ።

«የገና አባትንም» አለች ሬዋ፣ ልታስቃቸው ፈልጋ። አልሳቁም። «ችግር የለውም» ሳይሉ ሲሄዱ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው።

በማግስቱ አልመጡም። በሳምንቱም አልመጡም። ሬዋ ያንን ሁሉ ማለዳ ስታማርር ኖራ፣ አሁን ሻይዋን ይዛ መስኮቱ ላይ ቆማ ዳክዬ ትቆጥር ጀመር። በመጨረሻ ቤታቸው ሄደች። ባዶው ጋራዥ ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ መብራቱን አላበሩትም።

«ብየዳ አልችልም፣ ቲቸር።»

«አስተምሬሻለሁ።»

«ያስተማሩኝ መደርደሪያ ነው። እሱንም እንደገና ሥሪው ብለውኛል።»

«ዓይኔ አያይልኝም፣ ሬዋ።»

«የኔ ያያል። እጄን ነው የማላምነው።»

ክረምቱን እንዲህ አሳለፉት። ሐምሌ ላይ ብርዱ ሲጠና፣ በሬዋ ጋራዥ ውስጥ ማሞቂያ እግራቸው ሥር አድርገው፣ እሷ የመበየጃ መነጽሯን አጥልቃ ከሻንሲው ጋር ስትታገል እሳቸው በድምፁ ብቻ ያውቁ ነበር። «ቸኮልሽ» ይላሉ፤ ወይም «አሁን ገና ያዘ»። እሳቱ ሲቀዘቅዝ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ ያንሸራትታሉ።

«ጥሩ ነው። እንደገና ሥሪው።»

«ቲቸር፣ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል።»

«ብየዳው ይህን አያውቅም።»

ስለ ቤሪል ያወሯት በዚያ ጋራዥ ነው። ቀዩን ቀለም የመረጠችው እሷ ናት። እሳቸው አረንጓዴ ይሻላል ቢሉ፣ «አረንጓዴ ከሆነች ከበጎቹ ማን ይለያታል?» ብላቸው ነበር። ሬዋም ከረሜላውን እየረገጠች ስለ መሮጧ ነገረቻቸው። ቲቸር ትዝ አለቻቸው፤ ወይም ትዝ እንዳለቻቸው አስመሰሉ። «ባዶ እግርሽን ነበርሽ» አሉ። እሱማ የዚያ ዘመን ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነበር።

ፓኦራ በጸደይ ተመልሶ መጣ። ያንን ትልቅ ገላውን ቀበቶው ላይ አንጠለጠለ፤ ቀበቶው ንቅንቅ አላለም። ሥሩን አየ፣ ስፌቱን ዳሰሰ፣ ማን እንደበየደው ጠየቀ። ከዚያ ትንሿን ሰሌዳ አውጥቶ ቸነከራት።

«ያረፈችው ተነሣች፣ አክስቴ» አላት ሬዋን፣ በአገሩ የአክብሮት አጠራር።

ቲቸር ሰሌዳዋን ማንበብ አልቻሉም። በጣታቸው አንድ ባንድ ፊደሉን ዳበሱት፤ ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሬዋ ይህን ላለማየት የማያስፈልግ ካቻቪቴ ፍለጋ ዞረች።

ታርጋው በመጣ ቀን በአውራ ጎዳናው ነዳቻት። ቲቸር በራሳቸው መኪና የተሳፋሪ ወንበር ላይ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነው። በየመታጠፊያው በሌለ ፍሬን ላይ እግራቸውን ያሳርፋሉ። ባለ ሱቆቹ ወጥተው ቆሙ፤ ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት በዱቄት ሆኖ እጁን አወዛወዘ። ሬዋ ደስታዋን መያዝ አቅቷት እስከ ባሕሩ ዳርቻ ድረስ ሄደች። ታኅሣሥ ሲመጣም የገና አባት ቦታው ላይ ተመልሶ በላብ ተጠመቀ።

ከዚያ በኋላ ቲቸር ቀሩ። ቂም አይደለም፤ የሚሠራ ነገር በሌለበት ቤት መግባት አይሆንላቸውም። መኪናዋ ጤነኛ ሆናለች፣ ቦሎዋን ለጥፋለች፣ በሩም ሳይባበል ይዘጋል። ሬዋ አውቶቡሷን ስትነዳ በከተማዋ የንፋስ ወፍጮ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ታያቸዋለች። የሚያልፈውን ሁሉ መኪና በጆሯቸው ይሸኛሉ። አንድ ቀን ፌርማታ ባይሆንም ቆማላቸው «ኑ፣ ሻይ እንጠጣ» አለቻቸው። «ሌላ ጊዜ፣ ላስቸግርሽ አልፈልግም» አሏት። እኚያ ሰው፣ ጎማ በጥርስ ብሩሽ ያጸዱት ሰው፣ ላለማስቸገር አሰቡ። ሬዋ በጣም ነው የከፋት።

ቅዳሜ ማለዳ ስልክ ደወለች።

«ቲቸር፣ መኪናዋ ድምፅ እያሰማች ነው።»

«ምን ዓይነት?»

ይህን አላሰበችበትም ነበር። «እንደ… መንኳኳት።»

«ስትሄጂ ነው ስትቆሚ?»

«ሁለቱም ላይ።»

«አትንኪያት። መጣሁ።»

ሻይዋ ሳይፈላ በሩ ላይ ነበሩ፤ የመሣሪያ ሣጥናቸውን ይዘው፣ እያለከለኩ። ሬዋ ሞተሩን አስነሣች። ተወልዶ እንዲህ ጥርት ብሎ ሠርቶ አያውቅም፤ በዘይት የተቀባ ያህል ነው የሚንሿሿው። ሬዋ ከንፈሯን ነከሰች።

ቲቸር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። ረጋ ብለው ወደ መኪናዋ ፊት ሄዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ጆሯቸውን በዚያ ረጅም ኮፈን ላይ፣ በሳንድዊቹ ቅርጫት ላይ ለጠፉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ አዳመጡ።

«ይሰማኛል» አሉ።

ሬዋ ሞተሩን አጠፋች፤ የጠፋው ሞተር ከኋላዋ ነበር። «ክፉ ነው?»

«ችግር የለውም» አሉ ቲቸር፣ ኮታቸውን እያወለቁ። «ግን ጊዜ ይፈልጋል።»

ሬዋ ሁለተኛ ሲኒ ልታመጣ ገባች።