ጋሽ ማን ቀደመ እና የኔ ለቀማ

በዓለም ላይ ላለ መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ «አይሆንም» ባይ ተመድቦለታል። ዕቃ ግምጃ ቤት ከሆነ ያለ ፊርማ እስክሪብቶ አይሰጥም፤ ቤተ መጻሕፍት ከሆነ ያስነጠሰውን ሁሉ በግልምጫ ያስወጣል። እንዲህ ያለ ሰው በማስታወቂያ አይቀጠርም፤ አንድ ቀን ቀና ስትሉ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። የኛ ቢሮ ድርሻ ክቡር ጋሽ ማን ቀደመ ናቸው።

ስሙን ወላጆቻቸው አላወጡላቸውም። በራቸውን ከፍቶ የገባውን ሁሉ ገና ሰላምታ ሳይሰጡ «ማን ቀደመ?» ስለሚሉት እኛው ነን ያወጣንላቸው። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ቅር ያላቸው አይመስለኝም።

ሥራችን እንዲህ ነው። ፕሮግራመኞች በነፃ ሠርተው፣ ኮዱን ለማንም ክፍት አድርገው የሚለቋቸውን ፕሮግራሞች እንሰበስባለን፣ እንፈትሻለን፣ ማንም ሰው ኮምፒውተሩ ላይ በቀላሉ እንዲጭናቸው በጥቅል በጥቅል እናዘጋጃለን። እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚጠራበት ትእዛዝ አለው፤ ስሙን ስትጽፉ ከተፍ ይላል። ጣጣው የሚመጣው ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ለሁለት የማይገናኙ ፕሮግራሞች አንድ ዓይነት ስም ሲያወጡ ነው። ኮምፒውተሩ በአንድ ስም የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ከሆኑ ያልተጠራው «አቤት» ይላል።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ ጋሽ ማን ቀደመ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «ሲጋጭ ግን መልአኩ የለም። ያለሁት እኔ ነኝ።»

ሕጋቸው አጭር ነው፤ ሁለቱ ባለቤቶች ተነጋግረው ይስማሙ፤ ካልተስማሙ ሁለቱም ስሙን ያጣሉ። አዎ፣ ሁለቱም። አንድ ጊዜ ሁለት ስመ ጥር ፕሮግራመኞች በሁለት ፊደል ስም ሰባት ወር ተጨቃጨቁ። ጋሽ ማን ቀደመ የሁለቱንም ደብዳቤ አንድም ሳያስቀሩ አነበቡ፤ በስምንተኛው ወር ሁለቱንም ረጃጅም ስም አልብሰው ሸኟቸው። ሁለቱም በአንድ ቀን የስድብ ኢሜይል ላኩ። «ይኸው፣ ተስማሙ» አሉ ጋሽ ማን ቀደመ።

ብልጠትም አይሠራባቸውም። አንዷ ባልደረባችን «ሁለቱ አብረው እንዳይጫኑ ብንከለክልስ?» አለቻቸው።

«ሰውዬው ሁለቱንም ቢፈልግስ? ከልጆችህ አንዱን ምረጥ ልትይው ነው?»

«እሺ፣ ስሙን ለየትኛው እንደሚሰጥ ተጠቃሚው ራሱ ይምረጥ።»

«እሱ አንድ ዓይነት ሥራ ለሚሠሩ ነው። ሁለት ሹፌሮች በአንድ መኪና ይፈራረቃሉ። ሹፌርና ጥርስ ሐኪም በምን ይፈራረቃሉ?»

በቤትም ያው ናቸው አሉ። እህታቸው ለአራስ ልጇ በቤተሰቡ ውስጥ ያለ ስም ላወጣ ብትል «አንዱን ስትጠሪ ሁለቱ ቢመጡ የትኛውን ልትመልሺ ነው?» ብለዋት ሁለት ወር ተኳረፉ። ልጁ በመጨረሻ ሌላ ስም ወጣለት። እህትየው እስከ ዛሬ «እኔ ወንድም የለኝም፤ ያለኝ መዝገብ ነው» ትላለች።

እኔ ላይ እስኪደርስ ድረስ እስቅ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የለፋሁበት ፕሮግራም አለኝ፤ ኮምፒውተር ውስጥ የተደጋገሙ ፋይሎችን፣ በተለይ ፎቶዎችን፣ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ያጠፋል። «ለቀማ» ብላ ስም ያወጣችለት ባለቤቴ ናት። አዲሱ የጥቅሎቻችን ስብስብ እትም ውስጥ ከገባ ሺዎች ዘንድ ይደርሳል። እትሙ የሚዘጋው ሐሙስ ነው፤ ካመለጠኝ የሚቀጥለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሰኞ ጠዋት ጥቅሌን ይዤ ቀረብኩ።

«ማን ቀደመ?»

ለካ ሌላ ለቀማ ኖሯል። አንዲት አሁን ጡረታ የወጡ የአየር ጠባይ ባለሙያ ከሃያ ዓመት በፊት የጻፉት፣ ከዝናብ መዝገብ ውስጥ የተፈለገውን ቀን መርጦ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው።

«ጋሼ፣ ይህን አሮጌ አሁን ማን ይነካዋል?»

«ጠይቃቸዋ።»

ጻፍኩላቸው። ማክሰኞ መልሳቸው መጣ፤ «ልጄ፣ ስሙን ውሰደው፣ መርቄ ሰጥቼሃለሁ። እኔ አሁን አትክልት ነው የማጠጣው።» ኢሜይሉን አትሜ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት።

ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ደግ ሴት ናቸው» አሉ። «ግን አይሆንም።»

«እንዴ! ተስማሙ አሉን፣ ተስማማን!»

«ሁለታችሁ ተስማማችሁ፤ ሦስተኛውን ማን ጠየቀው? በየመለኪያ ጣቢያው በየማለዳው ለቀማን የሚጠሩ ኮምፒውተሮች አሉ። እነሱ ኢሜይል አያነቡም። ዝናብ ያልዘነበባቸው ቀናት መዝገብ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ባዶ። ያንተው ይመጣና የተደጋገመ ነው ብሎ አንዷን ቀን አስቀርቶ በጋውን በሙሉ ያጠፋላቸዋል።»

ኢሜይሌን ከጠረጴዛቸው ላይ አነሣሁ።

«ክፍል ውስጥ ሁለት ተማሪ አንድ ስም ሲኖራቸው አስተማሪው ምን ያደርጋል? የአባት ስም ይጨምራል። አንተም ጨምርበት።»

እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ልክ መሆናቸው ነው ይበልጥ ያበገነኝ። ከእሳቸው በላይ ላለው የቢሮው ቦርድ የአቤቱታ ደብዳቤ ጀመርኩ። ማስረጃ እንዲሆነኝም የድሮ ውሳኔዎቻቸውን መዝገብ ማገላበጥ ያዝኩ። አንድ ዘመድ፣ አንድ ወዳጅ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሳለፉት አይጠፋም ብዬ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የተሰጠ ውሳኔ ላይ ደረስኩ። «ቀን» የሚባሉ ሁለት ፕሮግራሞች ተጋጭተዋል። አንደኛው የቀን መቁጠሪያ ያሳያል፤ ሁለተኛው እስከ ፈለጋችሁት ዕለት ስንት ቀን እንደቀረ ይነግራል። ባለቤቶቹ አልተስማሙም። ውሳኔ፦ ሁለቱም ስሙን ያጣሉ። ከሥሩ የዳኛው ስም ሰፍሯል፤ ከሁለተኛው ፕሮግራም አጠገብ ደግሞ የባለቤቱ ስም። አንድ ስም ነው፤ የጋሽ ማን ቀደመ።

የመጀመሪያው ባለቤት ተናዶ ፕሮግራሙን ይዞ ሄዷል። ስሙ ባለቤት አልባ ሲቀር መልሰው ቢወስዱት የሚጠይቃቸው አልነበረም። አልወሰዱትም። ፕሮግራማቸውን «የቀሩትን-ቀናት-ቁጠር» አሉት። ይህን ሁሉ ማን ይጽፋል? በፊት አራት ሺህ ተጠቃሚ ነበረው፤ ባለፈው ዓመት የጫነው ሰው ብዛት አንድ ይላል። አንዱ ማን እንደሆነ መገመት አያቅተኝም።

አፈርኩ። ደብዳቤውን አጠፋሁትና የኔን «ፎቶ-ለቀማ» አልኩት። መመሪያው ውስጥ ስሙ የተጠቀሰበትን ሠላሳ አንድ ቦታ አስተካክዬ ሐሙስ ጠዋት አቀረብኩ። ባለቤቴ «ይሁን፣ እሱም እንደ ሰው በሙሉ ስሙ ይጠራ» አለች። ጋሽ ማን ቀደመ እስከ መጨረሻው መስመር አነበቡና «ገብቷል» ብለው ጻፉ።

የዚያኑ ዕለት የእሳቸውን ፕሮግራም ጫንኩ። ያን ረጅም ስም አንድም ፊደል ሳላስቀር ጽፌ እስከ ባለቤቴ ልደት ስንት ቀን እንደቀረ ጠየቅኩት፤ በትክክል ነገረኝ። ያለፈ ቀን ስሰጠው ግን ደርቆ ቀረ። እንደ ደንቡ የስህተት ማመልከቻ ጽፌ ላክሁላቸው።

ዓርብ ጠዋት ከወንበራቸው ተነሥተው ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። ለማንም መጥተው አያውቁም።

«ይህን የላክኸው አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«የምር ትጠቀምበታለህ?»

«እጠቀምበታለሁ።»

«እስከ ሰኞ አየዋለሁ» አሉና ተመለሱ።

ከምሳ በፊት ተስተካክሎ ደረሰኝ። በፕሮግራሙ የለውጥ መዝገብ ላይ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት ዝምታ በኋላ፣ አንድ አዲስ መስመር ተጨምሯል፦ «ተጠቃሚያችን ባመለከቱት መሠረት ተስተካክሏል፤ እናመሰግናለን።»