ሣር የነጨው ማነው?

የእኛ ሰው በቦታ አያያዝ አይቀልድም። ሰርግ ቤት አንድ ሽማግሌ በር ሥር ብታስቀምጡ ቅያሜው ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ቃልን ግን የትም ብንወረውረው ግድ የለንም። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ብለን እንተርታለን፤ ተርተን ስናበቃ አነጋገሩንም አያያዙንም እናበላሸዋለን። በቀደም ዳባት ገበያ በድምፅ ማጉያ ምን ሲባል ሰማሁ መሰላችሁ? «የጠፋችውን የአቶ ዓለሙን ሚስት በቅሎ ያያችሁ!» የጠፋችው ሚስትየዋ ናት ወይስ በቅሎዋ? አጠገቤ የቆሙ ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡና «ምን ቢበድላት ነው?» ተባባሉ። ለበቅሎዋ ያዘነ አንድም ሰው አላየሁም።

የገላጭ ጣጣው ይኸው ነው። ገላጭ ማለት ስለ አንድ ነገር የሚናገር ቃል ወይም ሐረግ ነው፤ ከባለቤቱ አጠገብ ካላስቀመጡት እንደ ሰካራም ያገኘውን አቅፎ ይሄዳል። እኔ ደባርቅ ላይ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ይህንኑ ስለፈልፍ ነው። ማን ሰማኝ? አንዷ ሰምታኝ ነበር፤ የሰማችኝም ለጉዳቷ ሆነ።

ሐያት ትባላለች፣ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። እናቷ እትዬ ዘይነባ ደባርቅ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ። ልጃቸው ቋንቋ ተምራ ከተመረቀች ወዲህ ሥራ አጥታ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ስታጣጥፍ እያዩ ይብከነከናሉ። «እኔ ያስተማርኳት ለዚህ ነው?» ይሉኛል ባገኙኝ ቁጥር፣ ሥራ የምሰጠው እኔ ይመስል።

ዘንድሮ ከደባርቅ በላይ ተራራው ላይ፣ ቡይት ራስ፣ አንድ ሎጅ እንግዳ ተቀባይ ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። በጽሑፍ ፈተና አንደኛ የወጣ ይቀጠራል ተባለ። ፈተናውን እንዲያዘጋጅ አማካሪ ከአዲስ አበባ አስመጡ። አዎ፣ ቁልፍ የሚያቀብልና ፈገግ የሚል ሰው ለመቅጠር አማካሪ! ሐያት በአንዲት ነጥብ ተበልጣ ሁለተኛ ወጣች። የታረመ ወረቀቷን ይዛ ቤቴ መጣች።

«ቲቸር፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ። ያበድኩት እኔ ነኝ ወይስ እነሱ?»

አየሁት። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር እየነጩ፣ ቱሪስቶቹ ጭላዳዎቹን ፎቶ አነሷቸው።» ዓረፍተ ነገሩ ስህተት ካለው ትክክለኛውን ምረጡ ይላል። ሐያት የመረጠችው «ቱሪስቶቹ፣ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር የሚነጩትን ጭላዳዎች ፎቶ አነሷቸው» የሚለውን ነው። ኤክስ ተደረገባት። መልሱ «ማረሚያ አያስፈልገውም» ነው ተብሎ! እንግዲህ በአማካሪው ዓለም፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ፈረንጅ ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል፤ ዝንጀሮዎቹም እየተገረሙ ያዩታል።

መጀመሪያ ሙስና ነው ብዬ ልጽናና ሞከርኩ። አንደኛ የወጣው ልጅ የማን ዘመድ እንደሆነ አጠያየቅሁ። የማንም አይደለም! የዛሪማ ልጅ፣ ጭምት ልጅ፣ «ማረሚያ አያስፈልገውም» የምትለዋን በግምት ያከበበ ልጅ ነው። ሙስና ቢሆን ይገባኝ ነበር። ሙስና ቢያንስ ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል።

በማግስቱ እኔና ሐያት በአንድ አይሱዙ ጋቢና ተጣበን ቡይት ራስ ወጣን። ሥራ አስኪያጁ፣ አማካሪውና የንብረት ክፍል ኃላፊው ኮሚቴ ሆነው ተቀበሉን። አማካሪው ወረቀቱን እንደ ዶክተር ራጅ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው።

«ከኮማው ቀጥሎ ስም አለ። ስሙ ብዙ ቁጥር ነው፣ ግሡም ብዙ ቁጥር ነው። ምን ጎደለ?» አለ።

«ሰዎቹን ሣር አስነጨሃቸው» አልኩት።

«የጠየቅነው ሰዋስው ነው፤ ሎጂክ አልጠየቅንም።»

ልብ በሉ፣ ሰውየው በዚህ አላፈረም። ሐያት ግን ድምፅዋን ሳታነሣ እጇን ወደ መስኮቱ ዘረጋች። የጭላዳ መንጋ ደጁ ላይ ተበትኖ በሁለት እጁ ይነጫል።

«ይኸው፣ እዚያ ይታያሉ። የሚነጨው ማነው?» አለችው።

«ፈተና በመስኮት አይታረምም፣ እህቴ። በመልስ መስጫ ነው የሚታረም» አላት።

ሥራ አስኪያጁ ጭቅጭቁ ሲበዛበት «ወደ ድምፅ ብንሄድስ?» አለ። ሣር የሚበላው ሰው ይሁን ዝንጀሮ በእጅ ብልጫ ሊወሰን ነው! አማካሪው ለራሱ እጁን አወጣ። የንብረት ክፍል ኃላፊው «ድምፀ ተአቅቦ» አለ። «እኔ የንብረት ሰው ነኝ፤ ሣር በእኔ በኩል ገቢም ወጪም ሆኖ አያውቅም።» ሥራ አስኪያጁ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ መስኮቱን አየ። ከዚያ እኔ በሕይወቴ እሰማለሁ ብዬ ያልጠበቅሁትን ተናገረ።

«ልጅቷ ትክክል ናት» አለ።

ሐያት ክንዴን ጨመቀችኝ። እኔም፣ አይ ሞኝነት፣ ለዚህች አገር ተስፋ ሊኖራት ነው ብዬ አሰብኩ።

«ስለዚህ» ቀጠለ፣ «ማንም እንዳይጎዳ ለሁሉም ተፈታኞች አንድ አንድ ነጥብ እንጨምራለን።»

«ለተሳሳቱትም?» አልኩት።

«ለሁሉም። ፍትሕ አያዳላም።»

«ጌታዬ፣ አንደኛ የወጣው ልጅ እኮ በተሳሳተው መልሱ አንድ ነጥብ አስቀድሞ አግኝቷል! አሁን ደግሞ ሊጨመርለት ነው?»

«ታዲያ እንቀማው? ሰጥቶ መቀማት ነውር ነው፣ መምህር።»

አማካሪው በደስታ ራሱን ነቀነቀ። የንብረት ክፍል ኃላፊው በዚህኛው ተአቅቦ አላደረገም፤ ደገፈ። ሐያት በአንድ ነጥብ ከፍ አለች፣ ልጁም በአንድ ነጥብ ከፍ አለ፣ ልዩነታቸውም እንደነበረ ቁጭ አለ። ቃለ ጉባኤው ተያዘ፤ ሻይ ትጠጣላችሁ ወይ ተባልን። አልጠጣንም።

ስንወርድ እኔ ስሳደብ ሐያት መንገዱን ታያለች። ሊማሊሞ ድረስ የሚሰማ ስድብ ተሳደብኩ። «ይተዉት ቲቸር» አለችኝ በመጨረሻ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ አፏ ሊስቅ ትንሽ ቀርቶት። ከአይሱዙው ስንወርድ እትዬ ዘይነባ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ይጠብቁን ነበር።

«ምን አሉሽ?» አሏት ገና ሳንደርስ።

«ትክክል ነሽ አሉኝ።»

«አልሐምዱሊላህ! መቼ ነው ታዲያ የምትጀምሪው?»

«የሚጀምረው የተሳሳተው ነው፣ እማ።»