ጋሼ ምደባና አራቱ ቢጫ ዓሦች

ሊፍት የሌለው ሕንፃ ውስጥ ኖሬአለሁ፤ ውሃ ምድር ቤት ደርሶ የሚደክምበት ሕንፃ ውስጥም ኖሬአለሁ፣ አሁንም እየኖርኩበት ነው። አማካሪ የሌለው ሕንፃ ግን አይቼ አላውቅም። አማካሪ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳይጠየቅ ይመልሳል፤ ጥፋቱ ሲደርስ ደግሞ አጠገብህ ቆሞ ከልቡ ያዝናል።

የእኛው አማካሪ አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ሠላሳ ዓመት የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ነበሩ። ዛሬ ጡረተኛ ናቸው፤ ሕንፃው በሙሉ «ክቡር ጋሼ ምደባ» ይላቸዋል። በእሳቸው ዓለም የማይስማማ ሰው የለም፤ የማይስማማ ዓሣም የለም። «ችግሩ የባሕርይ አይደለም፤ የምደባ ነው» ይላሉ፣ ጣታቸውን ወደ ኮርኒሱ ቀስረው።

እጃቸው የገባሁት በልጄ ምክንያት ነው። ለስድስት ወር ሥራ ሌላ ከተማ ስትሄድ ሰማንያ ሊትር የምትይዝ አኳሪየሟን፣ የዓሣ መስታወቷን፣ ሳሎናችን ውስጥ ትታ ሄደች። ውስጧ ሲክሊድ የሚባሉ አራት ቢጫ ዓሦች ነበሩ፤ የምናውቀው የቆሮሶ ዘመዶች፣ ግን ጣት የሚያክሉ። «አባዬ፣ አደራ። ምንም አትጨምር፣ ምንም አትቀንስ» አለችኝ። ምንም አለማድረግ የተካንኩበት ሙያ ነው፤ ባለቤቴን ጠይቋት።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሼ ምደባ መዶሻ ሊዋሱ መጡ። መዶሻውን ረሱት። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መስታወቱ ፊት ቆሙ።

«ስንት ናቸው?»

«አራት።»

«ለሰማንያ ሊትር? ይሄ እኮ ክፍት የሥራ መደብ ነው!»

በማግስቱ በላስቲክ ከረጢት አንድ ጥቁርና ነጭ መስመር የለበሰ ዓሣ ይዘው ተመለሱ። አገጩ ወደ ፊት የወጣ፣ የተቀየመ የሚመስል ነው።

ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ አለች። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ፊቱ ደስ አይልም።»

«አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ይኮሳተራል፣ እመቤቴ። የሙከራ ጊዜውን ይጨርስ።»

በሙከራ ጊዜው ሦስተኛ ቀን አንዷን ቢጫ ገደላት።

ጋሼ ምደባ ባርኔጣቸውን አውልቀው አዘኑ። ከዚያም መረመሩ። «ቢሮ አልሰጠነውም!» ድንጋይ ደርድረን ዋሻ ሠራንለት። ባለመስመሩ ዋሻውን ተረከበ፤ ቀጥሎ የዋሻውን ደጃፍ፣ ቀጥሎ የግራውን ወገን፣ በሳምንቱ የቀኙንም። ቢጫዎቹ ማጣሪያው ሥር ጥግ ይዘው እንደ ባለጉዳይ ተደርድረው ቆሙ። ወሩ ሳያልቅ ሁለት ቀሩ።

«ብቸኝነት ነው ያከፋው» አሉ ጋሼ፣ ሚስትም አመጡለት። ድንጋዩ ላይ እንቁላል ጣለች። ከዚያ ወዲያ ምግብ ልጨምር እጄን ስሰድ እጄንም ይነክሰኝ ጀመር።

«ጋሼ፣ ሦስተኛዋን ገደላት እኮ!»

«አባት ነው፤ ምን ያድርግ?»

በማግስቱ እንቁላሉን በላው። ቅዳሜ ሚስቱን ገደላት። እዚህ ላይ ክቡርነታቸው እንኳ ወደ ኮርኒሱ የቀሰሩትን ጣት አወረዱ።

ለምን ቀድሜ አላወጣሁትም? ባለቤቴም በየቁርሱ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ጋሼ ምደባን እምቢ ያለ ሰው በሕንፃችን የለም፤ እኔ የመጀመሪያው ለመሆን አልተፈጠርኩም። ይልቅ ውሸት ተማርኩ። ልጄ በየእሁዱ በቪዲዮ ደውላ «አሳየኝ» ስትል፣ ያቺኑ የቀረችዋን አንዷን ቢጫ በአራት አቅጣጫ እየዞርኩ አሳየኋት።

«ይኸው አንድ... ይኸው ሁለት...»

«እንዴት አምሮባቸዋል!» አለች ልጄ።

ልትመለስ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ቢጫዋ የጎን ክንፏ ተቀድዶ አገኘኋት። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ባለመስመሩን በወንፊት ይዤ፣ ባልዲ ውስጥ ጥዬ፣ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ጋሼ በሩን ሲከፍቱ ልጮህ የከፈትኩት አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ሳሎናቸው ውስጥ መቀመጫ የለም። በጠረጴዛው፣ በመስኮቱ ደፍ፣ በወለሉ ላይ የፕላስቲክ ሣጥን፣ የሕፃን መታጠቢያ፣ ድሮ ዳቦ ይሸጥበት የነበረ የመስታወት ሣጥን። ስምንት ናቸው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ዓሣ። እንዳይተያዩ በየመሐላቸው ካርቶን ቆሟል።

«ይሄ ከጥርስ ሐኪሙ ቤት የተመለሰ ነው» አሉ ጋሼ፣ የተኛ ሰው ያለ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይቺ የአስተማሪዋ ናት። ይሄኛው ሦስት ቤት ተዛውሯል፤ የሦስቱንም ቤት ዓሦች ጨርሶ ነው የመጣው።»

«ታዲያ እያወቁ ለምን ይሰጡናል?»

አንዱን ካርቶን አቃኑ። «የሚቀጥለው ቤት ይስማማዋል ብዬ ነዋ። ሁልጊዜ የሚቀጥለው ቤት ይስማማዋል እላለሁ።»

ከበሩ አጠገብ ዘጠነኛ ሣጥን ነበር። ዓሣ የለበትም፤ ውሃው ግን ንጹሕ ነው፣ ካርቶኑም ቆሟል። የእኔው ባለመስመር ከዚያ ወጥቶ እንደመጣ ገባኝ። ቦታው አልተነካም።

ባልዲውን ሊያነሱ ጎንበስ አሉና ወገባቸውን ይዘው ቀሩ። የዘጠኝ ሣጥን ውሃ፣ ከምድር ቤት፣ በዚያ ወገብ። ባልዲውን እኔው ሣጥኑ ውስጥ ገለበጥኩት።

ልጄ በማግስቱ ገባች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ መስታወቱ ፊት በርከክ ብላ ብዙ ቆየች።

«አራት ነበር የሰጠሁህ፣ አባዬ።»

ቢጫዋ በተቀደደ ክንፏ እየተንገዳገደች ወደ ልጄ ጣት መጣች። ልጄ አለቀሰች።

«ማን ነው እንዲህ አድርግ ብሎ የመከረህ?»

ስማቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ካርቶኖቹ ትዝ አሉኝ።

«ማንም። እኔው ነኝ።»

ባለቤቴ ከኩሽና ሳል አሰማች። ረጅም ሳል ነው።

ልጄ እስካሁን ዓሦቹን አንስታ አታዋራኝም። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ባልዲ ውሃ ተሸክሜ አራት ፎቅ እወጣለሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ ክቡር ጋሼ ምደባ ከላይ በደረጃው መደገፊያ አንገታቸውን አስግገው ያዩኛል።

«ወንድሜ፣ ችግሩ የክብደት አይደለም፤ የአያያዝ ነው!»

አያያዜን አስተካክላለሁ። የውሃው ግማሽ ጫማዬ ውስጥ ይገባል።