የቬሂኪቴ እትብት የት ተቀበረ?

ባሕር በከበበው አገር ሁሉ ሳይጠየቅ የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። ዝናብ ሲጥል ለምን እንደጣለ ይነግርሃል፤ ሲያባራ ደግሞ ማባራት እንዳልነበረበት ያስረዳሃል። በእኛ በቶንጋ፣ በፋንጋሉፔ መንደር፣ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር መርማሪ ሳሚሶኒ ናቸው። ማን እንደሾማቸው የሚያውቅ የለም።

የምርመራቸው ጉዳይ አንድ ነው፤ ታላቁ የዜማ ደራሲ ቬሂኪቴ የት ተወለደ? ሰውየው ካረፈ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። መዝሙሩ ግን ዛሬም እሑድ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ሊያነሳው ይደርሳል። ፋንጋሉፔ «የኔ ልጅ ነው» ትላለች። ከወሽመጡ ማዶ ያለችው ኡታሌካም «የኔ ነው» ትላለች። የጥምቀት መዝገቡ ለፋንጋሉፔ ይመሰክራል፣ የመቃብሩ ድንጋይ ለኡታሌካ።

ክቡር መርማሪው ሁለቱንም አይቀበሉም። «መዝገቡን የጻፈው ፈረንጅ ጆሮው አይሰማም ነበር። ድንጋዩን የጠረበው ደግሞ የኡታሌካ አማች ነው። እኔ የማምነው ዜማ ነው። ዜማ አይዋሽም!»

ዜማውም መሰከረ። ቬሂኪቴ ለኡታሌካ ባወጣላት የውዳሴ ዘፈን እንዲህ ይላል፤

እትብቴ የተቀበረው ከዚህ ዛፍ ሥር ነው፣
ነፋሱ ያስተማረኝ ዜማው የዚህ አገር ነው።

ሳሚሶኒ አካፋቸውን ተሸክመው ተሻገሩ፤ የአንዲት ባልቴት የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር ቆፈሩ። የተገኘው የጫማ ሶል ነበር። «ተጨማሪ ጥናት ይፈልጋል» ብለው ይዘውት ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ስንኝ በሌላ መንደር ዘፈን ውስጥ አገኙት፤ ከዚያ በሌላ ደሴት። በየሄዱበት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አሳማ ወድቆ ጩኸት።

በዚህ ሁሉ የምትሳቀቀው ላቪኒያ ናት፣ የእህታቸው ልጅ፣ የፋንጋሉፔ መዘምራን መሪ። በመጪው ቅዳሜ የቬሂኪቴ መታሰቢያ ድንጋይ ይቆማል፤ ትልቁ መዝሙሩም ይዘመራል። ያ መዝሙር ከጥንት ጀምሮ ለሁለት ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ የፋንጋሉፔ ሴቶች፣ ወፍራሙን የኡታሌካ ወንዶች ይይዙታል። ዘንድሮ ግን በድንጋዩ ላይ የማን መንደር ስም ይጠረብ በሚል ተኳርፈው ኡታሌካዎች መምጣት አቆሙ። ላቪኒያ የቀሯት ወፍራም ድምፆች ሦስት ናቸው። አንዱ ያስላል፣ አንዱ ያንቀላፋል፣ ሦስተኛው መዝሙሩን መሐል ላይ አስቁሞ ስንኙን ያብራራል። ይህ ሦስተኛው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

በእኛ አገር ዜማ የሚጻፈው በቁጥር ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት የዜማውን ቁጥሮች ከጥቁር ሰሌዳው ላይ እያጠፋች ሳለ ክቡርነታቸው በጨው ውኃ ርሰው ገቡ።

«አገኘሁ ልጄ! በሰሜኑ ደሴትም እትብቱ ተቀብሯል!»

በእኛ ዘንድ የእህት ልጅ በእናቷ ወንድም ላይ እንዳሻት ትናገራለች፤ ከሳህኑ ሥጋ ብታነሳ እንኳ «እሰይ» ይላታል። ላቪኒያም መብቷን አስነክታ አታውቅም።

«አጎቴ፣ ሰው ስንት እትብት አለው?»

«አንድ ነዋ!»

«ቬሂኪቴስ?»

«እስካሁን… አምስት።»

«ባለፈው ዓመት ኡታሌካ ሠርግ ላይ የክብሩን ድርሻ፣ የአሳማውን ጀርባ ሲያቀርቡልህ ተነስተህ ምን አልክ?»

«ምን እላለሁ? 'ቤቴ እዚህ ነው፣ የተወለድኩት እዚህ ነው' አልኩ። እንግዳ ሆኜ ያን የመሰለ ሥጋ ቀርቦልኝ ሌላ ምን…»

አካፋውን ቀስ አድርገው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ላቪኒያ ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች፤ የአንድ ሰው ዕድሜ ሙሉ ሥራ በአንድ ሳህን ሥጋ ሲፈርስ ማየት ይከብዳል።

«ቬሂኪቴም የጋበዘውን ሁሉ ሲያመሰግን ነው እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ወጥተው ወደ ጀልባዎቹ ወረዱ።

ዓርብ ሲመሽ ከወሽመጡ ማዶ መቅዘፊያ ተሰማ። የኡታሌካ ወንዶች ነበሩ፤ ለክብር ቀን ወገብ ላይ የሚታሰረውን ምንጣፋቸውን አስረው፣ ፊታቸውን አኮሳትረው። መሪያቸው ማፊ እግሩን ከውኃ ሳያወጣ ጮኸ፤

«ላቪኒያ! አጎትሽን እሰሪልን! ትናንት ካቫ ከምንጠጣበት መሐል ገብቶ 'ለየብቻው የሚሰማ ምስክር ይዋሻል፤ ሁለቱን መንደር በአንድ አፍ ካልሰማሁ አልፈርድም። የቀረ ደግሞ ምስክር የለውም ብዬ ድንጋዩ ላይ አስጠርባለሁ' አለን እኮ!»

«አካፋውስ?»

«ምርመራው ወደ ጆሮ ተዛውሯል ብሏል!»

ቅዳሜ ዘመሩ። የሴቶቹ ድምፅ እንደ ወፍ ከውኃው ላይ ተነሳ፤ የወንዶቹ ደግሞ ከምድር ሥር መጣ፣ ማዕበል ሳይደርስ አሸዋው አስቀድሞ እንደሚንቀጠቀጥ። ተኳርፈው የመጡ ሰዎች ትንፋሽ የሚስቡት አንድ ላይ ነበር። ክቡር መርማሪው አላቋረጡም። ዓይናቸውን ጨፍነው እንባቸው ሲወርድ አልጠረጉትም።

«እህሳ፣ ፍርዱ?» አለ ማፊ መዝሙሩ ሲያበቃ።

ሳሚሶኒ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሁለቱም ምስክሮች ጠንካራ ናቸው። ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ይፈልጋል። ለዓመቱ አብራችሁ እንደገና ቅረቡ።»

አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አብዛኛው ሳቀ። የመንደሩ ስም ሊጠረብ የነበረበት የድንጋዩ ፊት ባዶውን ቀረ።

በግብዣው ላይ ላቪኒያ አጎቷ አጠገብ ተቀመጠች። ሳሚሶኒ እንደ ልማዳቸው ሳህናቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። እሷ ግን ከራሷ ሳህን የሰባውን ቁራጭ አንስታ ለእሳቸው ጨመረችላቸው።

«ምነው፣ አመመሽ?» አሉ ደንግጠው።

«ዝም ብለህ ብላ፣ አጎቴ።»

ዝም ብለው በሉ። ከዚያ አሳማው ለምን እንደጣፈጠ፣ ስለ እሳቱ እሳቸው ቢማከሩ ደግሞ እንዴት የበለጠ ይጣፍጥ እንደነበር ማስረዳት ጀመሩ። ላቪኒያም አገጯን በእጇ ደግፋ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው።