ዛፍ ነኝ ያለችው ሴት

በቺንግሺ ከተማ ሰው «ምንድን ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሥራውን አይናገርም። ፀጉር አስተካካዩ ተራራ ነው። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ጤዛ ናት። ቁመቱ ከመስኮቱ ጠርዝ የማያልፈው የአውቶቡስ ትኬት ሻጭ ፀሐይ ነው፤ ማንም አይስቅበትም። እያንዳንዱ የልደት ቀን ከአሥሩ የሰማይ ግንዶች በአንዱ ሥር ይወድቃል፤ ያ ግንድ ደግሞ ሰውየው ራሱ ነው። ትልቅ ዛፍ፣ ሐረግ፣ ፀሐይ፣ መብራት፣ ተራራ፣ እርሻ፣ መጥረቢያ፣ ጌጥ፣ ባሕር፣ ጤዛ። ከነዚህ ውጪ የሆነ ሰው እስካሁን በከተማው አልተገኘም።

ታን ማንሺዩ ትልቅ ዛፍ ናት። ሦስተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ከትምህርት ቤት የወጣች፣ ከድልድዩ ሥር ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ የምትሸጥ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። ፊደል ብዙም ባትቆጥር ዛፍነቷን ግን ጠንቅቃ ታውቃለች። ልታገባ ሰሞን፣ የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት፣ የከተማው ዕጣ ቆጣሪ የመምህር ሺያ አባት፣ እሳቸውም ዕጣ ቆጣሪ የነበሩት፣ ከመታወቂያዋ ላይ የልደት ቀኗን አይተው፣ በጣታቸው ቆጥረው፣ «ትልቅ ዛፍ ነሽ» አሏት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሐሳቧን ለውጣ አታውቅም። ቶፉሽ ኮመጠጠ የሚላትን ሰው አፍህን ታጠብ ትለዋለች። የቆምሽበት ቦታ የቆሻሻ መኪናው መውጫ ነውና ተነሺ ቢሏት፣ በመጨረሻ ለመኪናው ሌላ በር ተከፈተለት። ታላቅ እህቷን ካኮረፈቻት ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዛፍ ወደ ሰው አይሄድም፣ ሰው ነው ወደ ዛፍ የሚመጣው። «ዛፍ ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም» ትላለች። እስካሁን የተሰበረው ግን ሌላ ሌላው ነው።

ባሏ ኩዋንግ እርሻ ነው። እርሻ ይረገጣል፣ ይታረሳል፣ አይናገርም። ዛፍ ያለ አፈር ስለማይቆም ጋብቻቸው የተዋጣለት መሆኑ በሁለቱም ወገን፣ በተለይ በማንሺዩ ወገን፣ ታምኖበታል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ያፒንግ ትባላለች፤ የሕፃናት አስተማሪ ናት። እሷም እንደ እናቷ ዛፍ።

ያፒንግ በበጋው መጀመሪያ አንድ ብየዳ ሠራተኛ ይዛ ቤት መጣች። ፋን ዌይ ይባላል። ሦስት ሳሕን ሩዝ በላ፣ ሳሕኖቹን አጠበ፣ የተላቀቀውን የወንበር እግር አጥብቆ ሄደ። ማንሺዩ ወደደችው። የወደደችውን ነገር ሳታጣራ የምትተው ሴት ግን አይደለችምና፣ ስምህን በትክክል ልወቀው ብላ መታወቂያውን ተቀበለችው፤ በስልኳ ፎቶ አነሣችው፤ በማግስቱ መምህር ሺያ ዘንድ ሄደች።

የመምህር ሺያ ቢሮ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ ነው። በሩ ላይ «የጥንት ባህል ማማከሪያ» ይላል። ከበሩ ፊት ለፊት ማዘጋጃ ቤቱ «ጥንቆላ የልማት እንቅፋት ነው» የሚል ትልቅ ሰሌዳ አቁሟል። ሰሌዳው የሚቆምበትን ቀንና ሰዓት የመረጡት መምህር ሺያ ናቸው፤ በጥሩ ቀን በመቆሙም ይኸው እስካሁን ነፋስ አልነካውም።

መምህሩ መታወቂያውን ከስልኩ ላይ አዩ፣ ጣታቸውን ቆጠሩ፣ ጣታቸውን አቆሙ።

«መጥረቢያ ነው፣ እትዬ።»

«ምን ዓይነት መጥረቢያ?»

«መጥረቢያ ምን ዓይነት አለው? ይቆርጣል።»

ማንሺዩ ቤቷ ገብታ የቤተሰብ ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣች፣ በላስቲክ ጠቀለለች፣ ከአኩሪ አተር ጆንያው ሥር ቀበረችው። ያን ጊዜ በአገሩ ያለ ቤተሰብ ደብተር ጋብቻ አይመዘገብም ነበር፤ ስለዚህ ደብተሩን የያዘች እናት ንጉሥ ያላገኘው ሥልጣን ነበራት። በነጋታው ለገበያው ሁሉ አወጀች። ልጄን ለመጥረቢያ አልሰጥም አለች። ገበያው በሙሉ፣ ዓሣ ሻጮቹን ጨምሮ፣ እናት እንዲህ ነው እንጂ አለ።

ያፒንግ ደብተሩ የት ገባ ብላ ስትጠይቅ እናቷ አይጥ በላው አለቻት። ያፒንግ አልጮኸችም። ብርዱ ሳይገባ ደብተሩን ካልሰጠሽኝ ያለ ወረቀት አብሬው እሄዳለሁ፣ ለአዲስ ዓመትም ዱምፕሊንግ፣ ሥጋውን በሊጥ፣ ስትጠቀልሉ የኔን እንዳትቆጥሩ አለች። ይህን ብላ ሥራዋ ሄደች። ዛፍ ከዛፍ ተወልዶ ምን ይሁን?

ለአዲስ ዓመት ሳትመጣ የቀረች ልጅ በቺንግሺ ከሞተች አትለይም። ማንሺዩ ደነገጠች፤ መደንገጧን ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ለኩዋንግ እንኳ፣ እሱ አፈር ስለሆነ ቢሰማም ምንም አይልም ነበር። ተመልሳ መምህሩ ጋ ሄደች። መምህሩም መላ አላቸው። በግንዶቹ ሕግ መጥረቢያ ውሃ ይወልዳል፤ ውሃ ዛፍ ያጠጣል፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ውሃ ይግባ፣ ልጁም ይጠጣ፣ ይረስርስ፣ ስለቱ ይለዝብ።

መጀመሪያ አንድ የዓሣ ገንዳ ሁለት ወርቃማ ዓሣ ይዞ ፋን ዌይ ክፍል ውስጥ ገባ። አልበቃም። ፋን ዌይ ከሦስተኛ ፎቅ ወርዶ ወንዙ ዳር ምድር ቤት ተከራየ። አልበቃም። ጥቁርና ሰማያዊ ብቻ ለበሰ፤ አልጋው ሥር አራት ባልዲ ውሃ አኖረ፤ ገንዳዎቹ ስድስት ደረሱ። በመጨረሻም ብረት ከብረት ጋር እየዋለ እንዴት ይለዝባል ተብሎ ብየዳውን ትቶ የከተማው መዋኛ ቤት ተቀጠረ፤ ቀኑን ሙሉ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቅጠል ይለቅም ጀመር። አንድ ቀን እንኳ አላጉረመረመም። ፍቅር የያዘው ሰው ዓሣ ሁን ቢሉት ክንፍ ያበቅላል።

ማንሺዩ በየእሑዱ እየሄደች ትመረምራለች። አንድ እሑድ አምስተኛው ገንዳ ሁለት ጣት ጎድሎ አግኝታ ጉዳዩን ለሁለት ሳምንት አራዘመችው። ፋን ዌይ በአክብሮት ይሸኛታል፤ «እሺ እትዬ» ይላል፤ ያነጥሳል። በመጀመሪያው ወር ሁለት ሁለት ጊዜ ያነጥስ ነበር፤ በሁለተኛው ወር አምስት አምስት ሆነ። ዓይኑ ቀላ፣ ጉንጩ ጎደጎደ፣ ድምፁ ከማሰሮ ውስጥ የሚወጣ መሰለ። ኩዋንግ አንድ ቀን አይቶት «ይሄ ልጅ ሊሻግት ነው» አለ። በዚያ ወር የተናገረው ይህንኑ ነው። መምህር ሺያ ሲነገራቸው ግን ደስ አላቸው፤ ስለቱ እየወጣለት ነው አሉ።

የጨረቃ ኬክ በዓል፣ የስምንተኛው ወር ሙሉ ጨረቃ፣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ማንሺዩ ለምርመራ ስትሄድ የፋን ዌይ አያት ከገጠር መጥታ አገኘቻት። አሮጊቷ ረጅም ኑድል ቀቅላ፣ ሁለት እንቁላል ጣል አድርጋበት፣ የልጁን ልደት ልታከብር ተፍ ተፍ ትላለች።

ማንሺዩ በትሕትና አረመቻት። ልደቱ ካለፈ ወር ከምናምን ሆኖታል አለች። መታወቂያውን እኮ አይቻለሁ አለች።

«መታወቂያው ነው ያማጠው ወይስ ምራቴ?» አለች አሮጊቷ። «በዚህ እጄ ነው የተቀበልኩት። ከጨረቃ ኬክ ሦስት ቀን በፊት። ጸሐፊው መቼ ነው አለኝ፤ በስምንተኛው ወር በአሥራ ሁለተኛው ቀን አልኩት፤ እሱም ጻፈ። እኔ በጨረቃ ወር ቆጠርኩ፣ እሱ በመንግሥት ወር ጻፈ። ምን ላድርገው ታዲያ?»

ማንሺዩ ኑድሉን ሳትቀምስ ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ገሰገሰች። መምህር ሺያ አዲሱን ቀን ሰምተው ጣታቸውን ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር።

«መብራት ነው» አሉ። «ትንሽ፣ የሻማ ነበልባል።»

«እና ውሃው?»

«ውሃው... ትንሽ በዝቷል።»

ማንሺዩ በጣቷ ቆጠረች። ስድስት ገንዳ፣ አራት ባልዲ፣ ወንዙ፣ መዋኛው። «ሁለት ወር ተኩል ሙሉ» አለች በመጨረሻ፣ «ሻማ ሳጠጣ ኖርኩ።»

መምህሩ ፈጠን ብለው የምሥራቹን አስከተሉ። ዛፍና መብራት እንደሆነ የታወቀ ጥንድ ነው፤ ዛፉ መብራቱን ያበራል፣ መብራቱ ዛፉን ያስከብራል፤ ከዚህ የተሻለ ጋብቻ ቢፈለግም አይገኝ አሉ። እዚህ ላይ ነገሩ ማለቅ ነበረበት። ግን ገበያው አለ። ማንሺዩ ልጁ መጥረቢያ ነው ብላ ለስንት ሰው ተናግራለች፤ ስንቱስ ራሱን ነቅንቆላታል። አሁን ዓሣ ሻጮቹ ፊት ቆማ ምን ልትል ነው? ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች በሆዷ።

«ሊያቃጥላት ነዋ» አለች። «መጥረቢያስ ቢሆን ሥሩን ይተው ነበር።»

«እትዬ፣ ግንዱ እኮ ፈቀደ።»

«እኔ አልፈቀድኩም።»

በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ እውነቱን ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ግን ከአፏ ሲወጣ መምህሩም እሷም ልብ አላሉትም።

ማንሺዩ ስትመለስ ለፋን ዌይ መብራትም ቢሆን አልፈቅድም አለችው፤ ያፒንግ ወሬውን ከእሱ ሰማች። በዚያው ቀን ሻንጣዋን ከቁም ሣጥን አናት አወረደች። የብርድ ልብሷን አንድ በአንድ እያጠፈች ስታስገባ እናቷ በግቢው በኩል በመስኮት አየቻት፤ ሻንጣው ትልቁ ሻንጣ ነበር። ማንሺዩ ዞር ብላ የቶፉውን ወተት ማጥለያ ጨርቅ ማጠብ ጀመረች። የታጠበ ጨርቅ ነበር።

ኩዋንግ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አተር ይለቅማል። ቀና ሳይል ተናገረ።

«የያፒንግ እናት፣ የአንቺንም ቀን የጻፈው እንደዚያው ያለ ጸሐፊ ነው።»

«ምን አልክ?»

ኩዋንግ ነገሩን ቀስ ብሎ አወጣው። ሊጋቡ ሰሞን አማቱ፣ የማንሺዩ እናት፣ በጨረቃ የቆጠረችውን ትክክለኛውን ቀን ነግራው ነበር። እሱም ቀኑን ይዞ ሽማግሌው የመምህር ሺያ አባት ዘንድ ተመልሶ ሄዶ ነበር። ሽማግሌውም ቆጥረው ቆጥረው፣ ይቺ ልጅ ዛፍ አይደለችም፣ ሐረግ ናት፤ ነፋስ የሚያጥፋት፣ ያገኘችውን የምትደገፍ ቀጭን ሐረግ ናት ብለውት ነበር።

«ሃያ ስምንት ዓመት ሐረግ ነበርኩ?»

«ሃያ ስምንት።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

ኩዋንግ አንዲት የተበሳች አተር ወደ ዶሮዎቹ ወረወረ። «ብነግርሽ ትታጠፊ ነበር?»

ማንሺዩ እጇን ጨርቁ ላይ እንደጫነች አሰበች። ግትር ናት እንጂ፣ ከአይጡ በቀር፣ ውሸታም አይደለችም። «አልታጠፍም ነበር» አለች።

«ታዲያ ምን አደከመኝ?»

የቆሻሻ መኪናው አዲስ በር ትዝ አላት። አፍህን ታጠብ ያለችው ሰው ሁሉ ትዝ አላት፤ ቶፉው እኮ አንዳንድ ቀን በእርግጥ ይኮመጥጥ ነበር። እህቷ ትዝ አለቻት፤ ዘጠኝ ዓመት፣ በሁለት የአውቶቡስ ፌርማታ ርቀት። ይህን ሁሉ ያደረገው ዛፉ ከመሰላት፣ ዛፉ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ታዲያ ማን ነበር? ሳቋ መጣ። እያለቀሰች ሳቀች፤ ከዚያ ጆንያውን ግቢው መሐል ገለበጠችው፤ ኩዋንግ የለቀመውና ያልለቀመው አተር ተደባለቀ።

ደብተሩን ሻንጣው ላይ አስቀመጠችው። ለያፒንግ ይቅርታ አላለችም፤ ያን ያህል እንኳ አልተለወጠችም። «ሐረግ ነኝ አሉ» አለች። «ሐረግ ይታጠፋል። ምን ላድርግ፣ ዕጣዬ ነው።»

በማግስቱ አራቱም ጋብቻ መመዝገቢያው ሄዱ። ከመስኮቱ በላይ «ሳይንስን እንከተል» ይላል። ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ወጣት ጸሐፊ ወረቀቶቹን ተቀበለች፣ ሁሉም የተሟላ መሆኑን አረጋገጠች፣ ማህተሙን አነሣች፣ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አየች፣ ማህተሙን መልሳ አስቀመጠች።

«ሙሽራዋ ዛፍ ናት አይደል?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዛሬ የመጥረቢያ ቀን ነው። ለሐሙስ ልመዝግባችሁ። መጥፎ ቀኖቹን ለይተው የሰጡን አለቃችን ራሳቸው ናቸው።»

ፋን ዌይ አነጠሰ። ያፒንግ ወደ እናቷ ዞረች፤ ከሰልፉም ብዙ ሰው ዞረ። ማንሺዩ ጸሐፊዋን ታያለች። የተሰበሰበው ከንፈር፣ የሚቆጥሩት ጣቶች፣ ለሰው ከማሰብ የመጣ ያ ሁሉ ርኅራኄ። ይህን ፊት ሁልጊዜ ከውስጥ ሆና ነበር የምታውቀው፤ ከፊት ለፊት ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። አያምርም።

«ማህተሙን ምቺው፣ ልጄ» አለች።

ጸሐፊዋ ለነሱው ብላ መሆኑን አስረዳች። ከሰልፉ አንድ ሰውዬ፣ ልጅቷ ልክ ናት፣ ሐሙስ ምን አላት ሲል ጣልቃ ገባ። ሌሎችም ደገፉት። ማንሺዩ ከመስኮቱ አልተነቀነቀችም።

«እርስዎ ደግሞ ምን ቢሆኑ ነው እንዲህ ድርቅ የሚሉት?» አለች ጸሐፊዋ። «ዛፍ ነዎት?»

«ኧረ እኔስ ሐረግ ነኝ» አለች ማንሺዩ በትሕትና። «ቶሎ ነው የምታጠፈው።» አሥሩንም ጣቶቿን በመስኮቱ የብረት ዘንግ ላይ አንድ በአንድ ጠመጠመች።

ጸሐፊዋ መስኮቱን ዘግታ ምሳዋን ልትበላ ሄደች። ስትመለስ ሐረጓ እዚያው ነበረች። ማህተሙን መታችው።